ከግንብ የወጣ አደራ

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሽማግሌ ነው። ዕድሜው 66 ነው። ጸጉሩን እንደ መነኩሴ ተላጭቷል። ጃፓን ውስጥ፣ ታናቤ በሚባል የባሕር ዳር ግንብ ተዘግቶበት ተቀምጧል። አብረውት ያሉት 500 ያህል ሰዎች ናቸው። ደጁ ላይ የሰፈረው ጦር ደግሞ 15,000 ገደማ ነው። ዓመቱ 1600 ነው። ዛሬ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ሽማግሌው ለሞት ተዘጋጅቷል። እጅህን ስጥ የሚል መልእክተኛ መጣለት። እምቢ አለ። መልእክተኛውን ግን ባዶ እጁን አልመለሰውም። ወረቀቶች ጠቅልሎ፣ አንዲት አጭር ግጥም ጨምሮ ሰጠው። እኔ እዚሁ ልሙት፣ ይህ ግን ይውጣ ማለቱ ነበር።

የሰውየው ስም ሆሶካዋ ፉጂታካ ነው። ከተላጨ በኋላ የወሰደው ስም ዩሳይ ነው። ጃፓኖች የሚያስታውሱትም በዚህ ስሙ ነው። እኔን የያዘኝ ያ ጥቅልል ወረቀት ነው። ጠላት ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ ሰው ምን አስቀድሞ ያወጣል? ልጁን? ወርቁን? ይህ ሰው ያወጣው የግጥም ትምህርት ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ ብዙ ዓመት መመለስ አለብን።

ፉጂታካ የተወለደው በ1534 በኪዮቶ ነው። ሚትሱቡቺ ከሚባል ቤት ተወልዶ ለሆሶካዋ ቤት በማደጎ ተሰጠ። በእናቱ በኩል የኪዮሃራ ዘር ነው። ኪዮሃራዎች የኮንፊሽየስን ትምህርት ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱ የኖሩ ሊቃውንት ናቸው። ስለዚህ ልጁ ገና ከጅምሩ በአንድ ወገን ጦርን፣ በሌላ ወገን መጽሐፍን እያየ አደገ። ጉልበቱም የሚያስደንቅ ነበር ይባላል። አንድ ቀን ኪዮቶ መንገድ ላይ የደነበረ በሬ ሲመጣበት ቀንዱን ይዞ አቆመው ብለው ይተርካሉ። ቀስት ይወረውራል፣ ፈረስ ይጋልባል፣ ኖ ለሚባለው ቲያትር ከበሮ ይመታል፣ ምግብ ያበስላል፣ የሻይ ሥርዓቱንም ያውቃል። እንዲህ ሁሉ ነገር የሚሆንለት ሰው አለ አይደል? እሱ እንደዚያ ነበር።

ግጥምን ግን በልጅነቱ አልወደደም ይላሉ። ወደ ግጥም እንዴት እንደገባ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። እኔ በጣም ስለምወደው ረጋ ብዬ ልንገራችሁ።

በአንድ ጦርነት ፉጂታካ የሚሸሽ ጠላት ያሳድዳል። ጥቂት እንደሄደ የሰውየውን ፈረስ ባዶውን ቆሞ አገኘው። ጋላቢው ወርዶ ጥሎት ሄዷል። «አመለጠኝ፣ አሁንማ ርቋል» ብሎ ሊመለስ ሲል አንድ አሽከሩ ከለከለው። አሽከሩ አንድ የቆየ ግጥም በቃሉ ወጣለት። ግጥሙ የፍቅር ነው። ውዴ ተለይታኝ ሄደች፣ ግን ገና አልራቀችም፤ እጅጌዬ ላይ ያለው እንባ ገና አልቀዘቀዘምና የሚል ነው። አሽከሩ ቀጥሎ ኮርቻውን እንዲዳስስ ነገረው። ፉጂታካ ዳሰሰው። ሙቅ ነበር። ሰውየው ቅርብ ነው ማለት ነው። ወዲያው ፍለጋውን ቀጠለ፤ አገኘውም። ከዚያ ቀን በኋላ ግጥም መማር ጀመረ ይባላል።

ታሪኩ ተጋኖ ሊሆን ይችላል። እኔ የምወደው ግን ነገሩን በትክክል ስለሚያሳይ ነው። ለዚህ ሰው ግጥም የእረፍት ሰዓት ጌጥ አልነበረም። ዓለምን የሚዳስስበት እጅ ነበር።

የኖረበት ዘመን ክፉ ነው። ሾጉኑ፣ ማለትም የአገሪቱ ጦር የበላይ አዛዥ፣ በስም ብቻ የቀረበት ጊዜ ነው። የየአውራጃው ጌቶች እርስ በርስ ይፋጃሉ። ፉጂታካ ያገለግለው የነበረው ሾጉን አሺካጋ ዮሺቴሩ በ1565 እዚያው ኪዮቶ፣ መኖሪያው ውስጥ በገዛ ሹማምንቱ ጦር ተገደለ። የሟቹ ወንድም ዮሺያኪ ናራ ከተማ ገዳም ውስጥ መነኩሴ ነበር። ገዳዮቹ እዚያው አስጠበቁት። ፉጂታካ ከጥቂት ጓዶቹ ጋር ሆኖ በሌሊት አወጣው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሾጉን ሊሆን የሚገባውን ሰው ይዘው ከአንዱ ጌታ ደጅ ወደ ሌላው ተንከራተቱ። በዚያ የችግር ጊዜ ፉጂታካ ለማንበቢያ መብራት ዘይት ቢያጣ ከቤተ መቅደስ ዘይት ሰረቀ የሚል ወሬም አለ። በመጨረሻ ኦዳ ኖቡናጋ የሚባል ኃይለኛ ጌታ ተቀበላቸው። በ1568 ጦሩን አስከትሎ ኪዮቶ ገባና ዮሺያኪን ሾጉን አደረገው።

ደስታው አልቆየም። ሾጉኑና ኖቡናጋ ተጣሉ። በ1573 ፉጂታካ መምረጥ ነበረበት። ኖቡናጋን መረጠ። በሌሊት ከገዳም ያወጣውን፣ አብሮት የተራበውን ሰው ተወው። ታላቅ ወንድሙ ሚትሱቡቺ ፉጂሂዴ ግን ከሾጉኑ ጋር ቆመ። በዓመቱ ኖቡናጋ ወንድምየው ራሱን እንዲገድል አዘዘ፤ ሞተ።

ይህን ነገር በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም። ስለ ዩሳይ ሲወራ ብዙ ጊዜ ጥበቡ ብቻ ይነሳል። ወንድሙ የሞተው እሱ የመረጠው ጌታ ባዘዘው ትእዛዝ ነው። ፉጂታካ በዚያ ምርጫ መሬት አገኘ፣ ቤቱ ተረፈ። አስተዋይ ነበር የሚሉት አሉ፤ ከነፋስ ጋር የሚዞር ነበር የሚሉትም አሉ። እኔ ሁለቱም እውነት አለው እላለሁ። ጌታ ሲቀያየር የኖረ ሰው ነው። አንድ ነገር ግን አልቀየረም። ወደዚያ ልምጣ።

በ1572፣ ልክ ይህ ሁሉ ሲታመስ፣ ፉጂታካ ትምህርት ጀምሮ ነበር። መምህሩ ሳንጆኒሺ ሳኔኪ የሚባሉ የቤተ መንግሥት መኳንንት ናቸው። ትምህርቱ ኮኪንሹ የሚባለው የግጥም መድበል ትርጓሜ ነው። ኮኪንሹ በ905 በንጉሠ ነገሥት ዳይጎ ትእዛዝ የተሰበሰበ ነው። 20 ክፍል አለው፤ በውስጡ 1,100 ያህል ግጥሞች ይገኛሉ። አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፤ 31 ድምፅ ብቻ። ጃፓኖች ስለ ወቅቶች፣ ስለ ፍቅርና ስለ መለየት የሚያስቡበትን መንገድ የቀረጸው ይህ መጽሐፍ ነው ብል አላጋነንኩም።

ታዲያ ግጥሞቹ ቀላል አይደሉም። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ያለው ሰው ይህን ቶሎ ይገባዋል። ለምሳሌ በጃፓንኛ «ማትሱ» ማለት የጥድ ዓይነት ዛፍ ነው። «ማትሱ» ማለት «መጠበቅ» ማለትም ነው። በመድበሉ ውስጥ አንድ ሹም ኢናባ ወደምትባል አገር ተሾሞ ሲሄድ የገጠመው ስንብት አለ። በኢናባ ተራራ ጫፍ ላይ የበቀለውን ዛፍ ያነሳና፣ «ትጠብቀኛለህ ብለው ቢነግሩኝ አሁኑኑ እመለሳለሁ» ይላል። ዛፉና መጠበቁ በአንድ ቃል ተጣምረዋል። «ኢናባ» የሚለው የአገሩ ስም ራሱ «ብሄድም» የሚል ድምፅ አለው። እኛ ኅብረ ቃል የምንለው ነው።

ይህ ግልጽ የሆነው ነው። ከ600 ዓመት በኋላ ግን ብዙ ቃል ደብዝዞ ነበር። በግጥሞቹ ውስጥ ስማቸው የሚነሳ ሦስት ወፎች አሉ፤ የትኞቹ ወፎች እንደሆኑ ሊቃውንቱ ይከራከሩበት ነበር። እንዲህ ያለው ትርጓሜ በአደባባይ አይሰጥም። መምህር ለአንድ ለተመረጠ ተማሪ በቃል ያስተምራል። በጣም የተጠበቀውን ደግሞ በትንንሽ ቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይሰጠዋል። ተማሪው ለማንም አላወጣም ብሎ ይምላል። ይህ የትርጓሜ ቅብብል ራሱ ከጦረኛ ቤት ጋር የተያያዘ ነው። በ1471 ቶ ኖ ትሱኔዮሪ የሚባል ሳሙራይ ለተቅበዝባዡ ባለቅኔ ለሶጊ አስተማረው። ከሶጊ ወደ ሳንጆኒሺ ቤት ገባ። እዚያ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ቆይቶ ሳኔኪ እጅ ደረሰ።

ሳኔኪ አርጅተው ነበር። ልጃቸው ደግሞ ገና ወጣት ነው። እሳቸው ቢሞቱስ? ስለዚህ ከቤታቸው ውጭ የሆነ፣ የታመነ ሰው መረጡ። ያ ሰው ፉጂታካ ነው። ቃል አስገቡት፤ ትምህርቱን ይዞ ይቆይና ኋላ ለሳንጆኒሺ ቤት ይመልሳል። በአማርኛ ለዚህ አንድ ቃል አለን፤ አደራ። ፉጂታካ በጦርነቶቹ መካከል እየተመላለሰ ተማረ፤ በ1576 የመፈጸሙን ምስክር ወረቀት ተቀበለ።

ቀጥሎ 1582 መጣ። ኖቡናጋ ታንጎ የምትባለውን፣ በሰሜን በኩል ባሕር የሚያዋስናትን አገር ለሆሶካዋ ቤት ከሰጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የፉጂታካ ልጅ ታዳኦኪ የአኬቺ ሚትሱሂዴን ልጅ ታማን አግብቷል። ሚትሱሂዴና ፉጂታካ ከስደቱ ዘመን ጀምሮ የሚተዋወቁ፣ ግጥም አብረው የሚገጥሙ ወዳጆች ናቸው። ሚትሱሂዴ በዚያ ዓመት በሰኔ ወር ጌታውን ኖቡናጋን ኪዮቶ ሆኖጂ በሚባለው መቅደስ በድንገት ከብቦ አጠፋው። ከዚያም ለወዳጁ ና አብረን እንቁም ብሎ ላከ።

ፉጂታካ ቁንጮውን ቆረጠ። የጌታዬን ሐዘን ተቀምጫለሁ ማለት ነው። ቤቱን ለልጁ አስረከበ፤ ዩሳይ ተባለ። ልጁም ቁንጮውን ቆረጠ። ሚትሱሂዴ መጀመሪያ እንደተቆጣ፣ ቆይቶ ግን እንደተረዳቸው የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈላቸው። መሬት እሰጣችኋለሁ ይላል። በ50 ወይም በ100 ቀን ውስጥ አገሩን አረጋግቼ ለልጆቻችን እተወዋለሁ ይላል። ደብዳቤው ዛሬም በቶኪዮ፣ በሆሶካዋ ቤተሰብ ስብስብ ውስጥ አለ። ይህን የጻፈ ሰው የቀረችው ዕድሜ በቀናት የምትቆጠር ነበረች። ከአራት ቀን በኋላ ያማዛኪ ላይ በቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ተሸነፈ፤ ሲሸሽ ተገደለ። ሙሽራይቱ ታማ የከሐዲ ልጅ ሆነችና ሁለት ዓመት ያህል ታንጎ ተራሮች ውስጥ ተደብቃ ኖረች። ኋላ ክርስትና ተነሳች፤ ግራሺያ ተባለች።

ከኖቡናጋ በኋላ አገሩን የገዛውን የሂዴዮሺን ዘመን ቶሎ ልለፈው። ዩሳይ በሂዴዮሺ ዙሪያ የግጥምና የሻይ ሰው ሆኖ ተከበረ። በ1587 ሂዴዮሺ ኪዩሹ ደሴት ሲዘምት እሱም ሄዶ የመንገዱን ማስታወሻ ከግጥም ጋር ጻፈ። ብዙዎች ከእሱ ለመማር መጡ። ከተማሪዎቹ አንዱ የንጉሠ ነገሥት ጎዮዜይ ታናሽ ወንድም፣ ልዑል ቶሺሂቶ ነው። በ1600 መጀመሪያ ላይ፣ ልዑሉ የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ዩሳይ የኮኪንሹን ትርጓሜ ያስተምረው ጀመር። ጦርነቱ ግን ትምህርቱ ሳያልቅ ደረሰ።

ሂዴዮሺ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አገሩ ለሁለት ተከፍሏል። ታዳኦኪ የቤቱን ዋና ጦር ይዞ ከቶኩጋዋ ኢዬያሱ ጋር ወደ ምሥራቅ ዘምቷል። ሌላኛው ወገን፣ የኢሺዳ ሚትሱናሪ ወገን፣ ኦሳካ የቀሩትን የጌቶች ሚስቶች መያዣ ሊያደርግ ተነሳ። ግራሺያ አልያዝም አለች። ሃይማኖቷ ራሷን መግደል ስለሚከለክላት የቤቱ ሎሌ ገደላት፤ ቤቱም በእሳት ጋየ። ሽማግሌው ታንጎ ላይ ይህን ሰማ። ሚያዙ የሚባለውን ዋናውን ግንብ አቃጥሎ፣ ያሉትን ጥቂት ሰዎች ሰብስቦ ታናቤ ገባ። ኦኖጊ ሺጌካትሱ የሚመራው ጦር ዙሪያውን ዘጋበት።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመልሰናል።

ከከባቢዎቹ አለቆች መካከል የዩሳይ የግጥም ተማሪዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ጥይት ሳይጨምሩ ባሩድ ብቻ ይተኩሱ ነበር ይባላል። መምህር ላይ መተኮስ ከባድ ነው። ልዑል ቶሺሂቶ በኪዮቶ ተጨነቀ። ሰው ላከ፤ ግንቡን አስረክብና ውጣ አለው። ዩሳይ አልወጣም። ልጁ እየተዋጋ፣ ምራቱ ሞታ፣ እሱ ነፍሱን ለማዳን ግንብ ሊለቅ አይችልም። ለልዑሉ የትርጓሜውን ወረቀቶችና ምስክሩን ላከለት። ግጥሟንም ጨመረ። እንዲህ ትላለች፦

በጥንትም በዛሬም በማትለወጥ ዓለም፣ የልብን ዘር የሚያስቀሩ የቃል ቅጠሎች።

ይህች ግጥም ከባዶ የመጣች አይደለችም። ጃፓንኛ ለ«ቃል» የሚጠቀምበት አንዱ ስያሜ በውስጡ «ቅጠል» የሚል አለበት። የኮኪንሹ መግቢያ ደግሞ የጃፓን ግጥም ዘሩ የሰው ልብ ነው፣ አድጎም እልፍ የቃል ቅጠል ይሆናል ብሎ ይጀምራል። ሽማግሌው ነገሩን ገለበጠው። ዘሩ ቅጠል ካወጣ፣ ቅጠሉም ዘር ያስቀራል አለ። ዛፉ ሊወድቅ ነው፤ እሱ ራሱ ሊሞት ነው። ለወጣቱ ልዑል ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ይህችን ግጥም ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላውቅም፤ ያ «ዘር» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ።

ወረቀቱ ወጣ፤ ሰውየው ግን ቀረ። ከወረቀቱ ጀርባ ያለው፣ በቃል ብቻ የሚነገረው፣ ግንቡ ውስጥ ነው። ይህን ንጉሠ ነገሥቱ ተረዱ። ሽማግሌው ከሞተ የግጥም ትርጓሜው ይጠፋል ብለው ለሁለቱም ወገን ትእዛዝ ሰደዱ። ከቤተ መንግሥት ሦስት መኳንንት ተላኩ። ከሦስቱ አንዱ ሳንጆኒሺ ሳኔኤዳ የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ነው። ማን እንደሆነ ከስሙ ገምታችሁ ይሆናል። የሽማግሌው መምህር የልጅ ልጅ ነው። አደራው የሚመለስለት ሰው ራሱ በግንቡ ደጅ መጣ።

ከልዑል ሲመጣ እምቢ ያለው ሽማግሌ ከንጉሠ ነገሥት ሲመጣ እሺ አለ። ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ከቀረው ከበባ በኋላ ግንቡ ተከፈተ። ዩሳይ ወደ ካሜያማ ግንብ ተወሰደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በጥቅምት 21፣ ሴኪጋሃራ ላይ የጃፓንን ዕጣ የወሰነው ጦርነት ተደረገ። ኢዬያሱ አሸነፈ። ታናቤን ከብቦ የከረመው 15,000 ሰው ለዚያ ውጊያ አልደረሰም። ሽማግሌው ለግጥም ብሎ ብቻ ነው የቆየው የሚል ካለ ይህን ቁጥር ያስታውስ። 500 ሰው ይዞ ያን ያህል ጦር ያሰረ አዛዥ ነው።

ታዳኦኪ ግን አባቱ ግንቡን በማስረከቡ አዘነ ይባላል። ሚስቱን አጥቷል። ሲመለስ ኦኖጊን ፉኩቺያማ ድረስ ሄዶ ከበበው፤ ኦኖጊ ራሱን ገደለ። ታዳኦኪ ከኢዬያሱ ኪዩሹ ደሴት ላይ ወደ 400,000 ኮኩ የሚጠጋ ግዛት ተሰጠው። አንድ ኮኩ ለአንድ ሰው የዓመት ቀለብ የሚበቃ ሩዝ ነው፤ ግዛት የሚለካው በዚያ ነበር። ከዚያ በ1632 ቤቱ ወደ ኩማሞቶ ተዛወረ። በ1993 የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሆሶካዋ ሞሪሂሮ የዚሁ ቤት ተወላጅ ነው።

ዩሳይ የቀሩትን አሥር ዓመታት በአብዛኛው ኪዮቶ ውስጥ በመጻሕፍትና በተማሪዎች መካከል ኖረ። ለሳኔኤዳ ትርጓሜውን አስተማረው፤ የአያቱ ነገር ወደ ቤቱ ገባ። ልዑል ቶሺሂቶ የተቀበለውን ይዞ ቆይቶ ለንጉሠ ነገሥት ጎሚዙኖ አስተላለፈ፤ ከዚያ በኋላ ትርጓሜው በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሲወርድ ሲዋረድ ኖረ። ዩሳይ በ1610 በ76 ዓመቱ አረፈ።

ልዑሉን ያስተማረበት ነው የሚባለው ክፍል ዛሬም አለ። ትንሽ፣ የሣር ክዳን ያላት ቤት ናት። በ1912 ኩማሞቶ ወደሚገኘው ሱይዜንጂ የአትክልት ስፍራ ተወስዳ ኩሬው ዳር ተተከለች። የሚሄድ ሰው ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ውኃውን እያየ፣ ሻይ ሊጠጣባት ይችላል።